ኮረሪማ የሚሸተው ካሜራችን

የካሜራውን ስም እዚህ ላይ አልጽፈውም። መጀመሪያ ጽፌው ነበር፤ መልሼ ሳነበው ግን ጣቴ የተጣበቀ መሰለኝና ሰረዝኩት። የእናቴ ፎቶ ቤት ገብቶ ጉርድ ፎቶ የተነሳ የቦንጋ ሰው የቱን ካሜራ እንደምል ያውቃል። የማያውቅም ባያውቀው ምንም አይቀርበትም። ስለሚያስጠላ ነገር መጻፍ እንዲህ ደስ እንደሚል ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም! ስለ አበባና ስለ ጠዋት ፀሐይ ድርሰት ጻፉ ሲሉን ሁለት መስመር ላይ የምቆመው ልጅ፣ ይኸው ስለ አንድ የቀለጠ ጎማ ልጽፍ ብዬ ወረቀት አልበቃ አለኝ።

ፎቶ ቤታችን ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። አጠገባችን ፀጉር ቤት አለ፤ ከኋላችን ደግሞ መኖሪያችንና አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት የተከራየችው ክፍል። ሌላ አገር ያለ ፎቶ አንሺ ስለ ካሜራው የሚፈራው ሌባ ይሆናል፤ ወይም ከእጁ አምልጦ እንዳይወድቅ ይሰጋል። እኛ የምንፈራው ሻጋታ ነው። እዚህ አገር ዝናቡ ሄደ ሲሉት ጉም ይመጣል፣ ጉሙ ሄደ ሲሉት ዝናቡ ተመልሷል። አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ ፀጉር ያበቅላል፤ አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ ሲነኩት ቡን የሚል። ሻጋታ ሌንስ ውስጥ ከገባ ደግሞ እንደ ሸረሪት ድር ነጭ ክሩን ይዘረጋል፤ ከመስታወቱ ጀርባ ስለሆነ ጠርጎ ማውጣት የለም። እናቴ አንድ ቀን የሻገተ ሌንስ ወደ ብርሃን አዙራ አሳይታኝ ነበር። የሰው ዓይን ውስጥ ፀጉር የበቀለ ነው የመሰለኝ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

እናቴ ለዚህ የራሷ ዘዴ አላት። ማድ ቤታችን ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ፣ ኮረሪማ የሚደርቅበት የቀርከሃ ቆጥ አለ። ማታ ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ካሜራውን በጨርቅ ትጠቀልለውና በትንሽ ቅርጫት አድርጋ ከኮረሪማው ጎን ትሰቅለዋለች። ጭሱና ሙቀቱ እርጥበቱን ያባርረዋል። እኔ ነፍስ ሳውቅ ካሜራው እዚያ ነበር የሚያድረው። በዚህም የተነሳ ካሜራችን ይሸታል፤ ኮረሪማና ጭስ። እናቴ የደንበኛውን አገጭ ልታስተካክል ጠጋ ስትል ሽታው ያስነጥሰዋል።

«እትዬ፣ ወጥ ጥደው ነው እንዴ የመጡት?» ይላታል ሁልጊዜ የፀጉር ቤቱ ሰውዬ፣ ጢሙን አሳምሮ ፎቶ ሊነሳ ሲመጣ።

«ወጡ አንተ ነህ። አትንቀሳቀስ» ትለዋለች።

ይህን ካሜራ ሻጋታ አላሸነፈውም፤ እርጅና ግን ያዘው። ቁልፉ አልፎ አልፎ አይዝም፤ ተጭነሽው ጠቅ ሳይል ይቀራል። ለጉርድ ፎቶ ችግር የለውም፤ ደግመሽ ትጫኛለሽ። ሙሽራም ብትሆን ታግሳ እንደገና ትስቃለች። ምሩቅ ግን ቆቡን ወደ ላይ የሚወረውረው አንዴ ነው። አምና አንድ ሙሉ ዲፓርትመንት ቆቡን ሲወረውር የእናቴ ካሜራ ዝም አለ። የፎቶ ቤታችን ዓመት የሚቆመው ደግሞ በምርቃት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ጭቃውን እያየች፣ «ከዓመትም እንዲህ ከሆነ ክፍሉን ለፀጉር ቤቱ አከራየዋለሁ» አለች። የፀጉር ቤቱ ሰውዬም ይህን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ግድግዳውን ከወዲያ በኩል በእርምጃው መለካት ጀመረ።

ወሬውን ያመጣችው መምህርቷ ናት። ከሰሜን ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፤ ከክፍል ስትወጣ ፎቶ ቤት መጥታ ስልኳን እያነበበች ትቀመጣለች። እናቴ ጉርድ ፎቶ በመቀስ እየቆረጠች ነበር።

«እትዬ፣ ካሜራዎን ሸጡት እኮ!»

እናቴ ደንግጣ መደርደሪያውን አየች። ካሜራው ቦታው ላይ ነው። «ማነው የሚሸጠው? ይኸው አለ!»

«ኩባንያውን ማለቴ ነው። ባለቤቶቹ አያዋጣንም ብለው የካሜራውን ሥራ ለሌሎች ባለሀብቶች ሸጡት። ከነስሙ፣ ከነአርማው።»

«ከነስሙ?» እናቴ መቀሱን አስቀመጠች። «ሠሪዎቹስ?»

«እሱን አልጻፉትም።»

«ቆይ፣ እኔ ነገ ይህን ቤት ብሸጥና ገዢው ሥጋ ቤት ቢያደርገው፣ በሩ ላይ ያለው ‹ፎቶ ቤት› የሚለው ጽሑፍ ይቆያል ማለት ነው?»

«ይቆያል። ሰውም ጉርድ ፎቶ ብሎ ገብቶ ጉበት ይዞ ይወጣል» አለች መምህርቷ፤ ሦስታችንም ሳቅን። ያኔ መሳቅ ቀላል ነበር።

እኔ ግን አላስቻለኝም፤ የኩባንያውን ገጽ ከፍቼ ማየት ጀመርኩ። «አዲስ ምዕራፍ»፣ «የተከበረ ውርሳችን»፣ «ወደፊት ከእናንተ ጋር»... ማር የተቀባ ወሬ ነው፤ አንብቤ ስጨርስ ጥርሴን መቦረሽ አማረኝ። አንድ ፎቶ ደግሞ አለ፦ ፀጉሩ የተበጠረ ሰውዬ ዝናብ ውስጥ ቆሞ፣ አዲሱን ካሜራ ከፍ አድርጎ ይስቃል። ዝናብ መትቶት የሚያውቅ ሰው እንደዚያ አይስቅም። በባልዲ ነው ያርከፈከፉበት።

መጋቢት ላይ የጅማው ነጋዴ መጣ። ካሜራና ፍላሽ በየከተማው እያዞረ የሚሸጥ፣ እናቴ ባትሪ የምትገዛው ሰው ነው። ምላሱ እንደ ቅቤ ነው። አዲሱን ካሜራ ከሳጥኑ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ያው ስም፣ ያው አርማ። መያዣው ላይ ያለው ጥቁር ጎማ እንደ ሕፃን ጆሮ ይለሰልሳል። እኔ ራሴ ደጋግሜ ዳሰስኩት፤ አሁን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

«እትዬ፣ አዲሶቹ ባለቤቶች አቅም ያላቸው ናቸው። ካሜራው የወደፊቱ ካሜራ ነው። እርስዎ አሮጌውን ከነሌንሶቹ ይስጡኝ፣ አዲሱን ይውሰዱ። ራስ በራስ።»

«አሮጌ ጫማ ወስደው ሳህን እንደሚሰጡት ልዋጮች?»

«እነሱ ፕላስቲክ ነው የሚሰጡት እትዬ! እኔ ካሜራ ነው የምሰጥዎት።» የእኛን አንስቶ አገላበጠው፤ ከዚያ አፍንጫውን ሰበሰበ። «ይሄ ደግሞ ምን ይሸታል? በርበሬ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት?» ብሎ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ልክ እኔን የጠረገኝ ያህል ተሰማኝ። እናቴ ግን ጆሮዋ አዲሱ ካሜራ ላይ ነበር። ቁልፉን ተጫነችው፤ ጠቅ አለ። ደገመችው፤ ጠቅ። ወደ በሩ፣ ወደ ባጃጆቹ፣ ወደ እኔ እያዞረች ተጫነችው፤ አንዴም ዝም አላለም። ያ ድምፅ ነው ያሸነፋት። ምሩቃኑ በዓይኗ ውስጥ ቆባቸውን ሲወረውሩ ይታየኝ ነበር። የድሮውን ማንገቻ ፈትታ ለራሷ አስቀረች፤ ካሜራውን ከነሌንሶቹ ሰጠችው። ነጋዴው አሮጌውን በፌስታል ጠቅልሎ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። በፌስታል!

ማታ እናቴ አዲሱን በጨርቅ ጠቀለለችና ቆጡ ላይ፣ በዚያው ቅርጫት፣ ከኮረሪማው ጎን ሰቀለችው። «ቤቱን ይልመድ» አለች።

ግንቦት ሲገባ ካሜራው ማላብ ጀመረ። መጀመሪያ እጃችን የላበው መስሎን ነበር። ከዚያ ጎማው ዝልግልግ አለ። ትምህርት ቤት ዴስክ ሥር እጅሽን ስትሰጂ የሌላ ሰው ማስቲካ አግኝተሽ ታውቂያለሽ? ልክ እሱን ነው። ስትይዢው ያጣብቃል፣ ስትለቂው ክር ይጎትታል። ያየር ላይ ነገር ሁሉ መጥቶ ይለጠፍበታል፦ አመድ፣ የኮረሪማ ገለባ፣ የእናቴ ሻሽ ክር፣ አንድ ቀን ደግሞ የዝንብ እግር። እግሩ ብቻ። ዝንቡ እግሩን ጥሎ ነው ያመለጠው። ሽታው ከኮረሪማው ጋር ተደባልቆ የተቃጠለ ነጠላ ጫማ በቅመም የተቀቀለ ይመስል ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ምራቄ እየሞላ ነው፤ ግን አላቆምም፤ መጻፍ አለበት።

የመጨረሻው ውርደት የመጣው በሙሽራ ነው። እናቴ የአንዲት ሙሽራ ቬሎ ተጣጥፎባት ልታቃናላት ጠጋ ብላ ያዝ አደረገችው። እጇን ስታነሳ ነጩ ላይ አምስት ጥቁር ጣት ቀረ።

«ኧረ በማርያም! ሬንጅ ነክተሽ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች የሙሽራዋ እናት።

ሙሽራዋ አለቀሰች። እናቴ ቬሎውን አጥባ፣ ፎቶውን ያለ ክፍያ ሰጥታ ሸኘቻቸው፤ ከዚያ ለነጋዴው ደወለች። ድምፁን እንድሰማ ስልኩን ክፍት አደረገችው።

«የት ነበር የሚያስቀምጡት እትዬ?»

«ቆጥ ላይ ነዋ፤ ከምድጃው በላይ።»

ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። «አበሰሉት እኮ እትዬ! ካሜራውን ጠበሱት!»

«የድሮውም እዚያው ነበር የሚያድረው! ስሙ ያው ነው አላልከኝም?»

«የድሮውማ የድሮ ነው» ብሎ ዘጋው።

መምህርቷ ተናድዳ ለኩባንያው በእንግሊዝኛ ጻፈችላቸው። መልሱ ቶሎ መጣ፤ ቶሎ የመጣው አንብበውት ስላልሆነ ነው። «የቤተሰባችን አባል ስለሆኑ እናመሰግናለን» ይላል። ቀጥሎ ምርታችን ከማብሰያ አካባቢ ይራቅ፣ ዋስትናውም ይህን አይሸፍንም ይላል። መጨረሻው ላይ አገልግሎታችንን በኮከብ ይመዝኑልን ብለው አምስት ባዶ ኮከብ ልከውልናል። መምህርቷ እየተረጎመች አነበበችላት። እናቴ በቋንቋችን በካፊኖኖ የሆነ ነገር ተናገረች፤ እናቴ በካፊኖኖ የምትናገረው በጣም ስታዝንና በጣም ስትናደድ ነው።

«ምን አሉ?» አለች መምህርቷ።

«አይተረጎምም» አልኳት።

ምርቃቱ ሰኔ ላይ ነው፤ እየደረሰ ነበር። ሌላ ካሜራ የምናገኝበት መንገድ አልነበረም። የፀጉር ቤቱ ሰውዬ መጥቶ ጣሪያችንን ቀና ብሎ እያየ፣ «እዚህ ጋ መስታወት ቢሆን ያምራል» አለ። እናቴ ማግስቱን ከጎረቤት ጠንካራ አረቄ አስመጣችና ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው።

አረቄውን በጨርቅ እያስነካን በቢላ ጀርባ ፋቅነው። ጎማው እንደ ቀዘቀዘ ወተት ቆዳ እየተሸበሸበ ተነሳ። ጥፍሬ ውስጥ ገባ። አፍንጫዬን ሲበላኝ ረስቼ ነካሁት፤ ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም። እናቴ አንዴም ፊቷን አላጨማደደችም። ተልጦ ሲያልቅ ከሥሩ ብረቱ ታየ። ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ብሎኖቹ ልክ እንደ ድሮው። እናቴ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲለዋወጥ አየሁ።

«ይሄ እኮ የኛው ነው» አለች።

መምህርቷ ጎንበስ ብላ አየችው። «ሆዱ የድሮዎቹ ሥራ ነው ማለት ነው። አዲሶቹ መጋዘን ውስጥ ያገኙትን የድሮ ሆድ ርካሽ ቆዳ አልብሰው እየሸጡት ነው።»

«ሆዱ ሲያልቅባቸውስ?»

«ሲያልቅማ ሆዱም የነሱ ይሆናል።»

ከዝንቡ እግር ይልቅ ያስጠላኝ ይሄ ነው። መጥፎ ካሜራ ቢሆን ኖሮ ጥለነው እናርፍ ነበር። ውስጡ ግን ጥሩ ነው፤ ፎቶው ከድሮው ይበልጣል፤ ቁልፉ አንዴም ዝም አይልም። ሌላ ሰው ለፍቶ የሠራውን ጥሩ ነገር በዝልግልግ ሸፍነው፣ ስሙን አናቱ ላይ ለጥፈው፣ «ቤተሰባችን» ይሉሻል።

እናቴ መናኸሪያው ጋ ካለው ጎሚስታ የተቀደደ የባጃጅ የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪ የሚሉትን፣ አምጥታ በመቀስ ቆረጠችው። ለካሜራው ልክ እንደ ቀሚስ ሰፋችለት፤ መያዣው ላይ ጥብቅ አድርጋ ጠመጠመችው። አንዱ ቁራጭ በአርማው ላይ አለፈ።

«እማዬ፣ ስሙን ሸፈንሽው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። የድሮውን ማንገቻ አሰረችለት። ያን ማታ ቆጡ ላይ ሰቀለችው፤ ግን ከእሳቱ ራቅ አድርጋ፣ ዳር ላይ።

የምርቃቱ ቀን ዝናቡ ያባራል፣ ደግሞ ይመጣል። የዩኒቨርሲቲው ሣር ጭቃ ሆኗል፤ ሴቶቹ ጋውናቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው ጫማቸውን በሌላው ይዘዋል። እንደየዓመቱ ሁሉ ከጅማም የመጡ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። እኔ ስም እየተቀበልኩ ለእናቴ ሰው አሰልፋለሁ። መሀል ላይ ሸተተኝ። ሽቶ፣ ጭቃ፣ የአበባ ጉንጉን፣ ከዚያ ሁሉ መሀል ኮረሪማ። ኮረሪማና ጭስ። ከእኛ ካሜራ አልነበረም፤ የኛው ጎማ ጎማ ነው የሚሸተው።

አፍንጫዬን ተከትዬ ሄድኩ። ነጋዴው ነው፤ ለምርቃቱ ገበያ ፎቶ አንሺ ሆኖ መጥቷል። አንገቱ ላይ በአዲስ ቀይ ማንገቻ የእናቴ ካሜራ ተንጠልጥሏል። ከፊቱ ምሩቃን ተሰልፈዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ የእናቴ ካሜራ ነው።»

«ኦ! አደግሽ እኮ አንቺ ልጅ! የእናትሽ ነበር፤ ተለዋወጥን አይደል?»

«እርስዎ ለምን በአዲሱ አያነሱም? ሱቅ ሙሉ አለዎት አይደል?»

«አዲሱ ለሽያጭ ነው» አለኝ።

ሳያፍር ነው ያለው፤ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ጨው ለወጥ ነው እንደሚል ሰው። ውሸት እንደሚመልስልኝ ተዘጋጅቼ ስጠብቅ ነበር። ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ውሸት ቢያንስ ያፍራል። ቀጥሎ ደግሞ ካሜራውን በእጁ መታ መታ አድርጎ፣ «እናትሽ ጥሩ አድርጋ ይዛዋለች፤ ሻጋታ አልነካውም» ብሎ አመሰገነልኝ። ያው በርበሬ ይሸታል ብሎ እጁን የጠረገው ሰውዬ።

እየሮጥኩ ወደ እናቴ ሄድኩ። ካሜራዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አንድ ዲፓርትመንት እያሰለፈች ነበር፤ አምና ቆባቸው ያመለጣት የእነዚያ ታናናሾች።

«እማዬ! ያ ሰውዬ...»

«አውቃለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ይሸተኛል።»

«እና ዝም አልሽ?»

«ምን ልሁን? ከአንገቱ ላይ ልንጠቀው?» ዓይኗን ከካሜራው አላነሳችም። «እሱ የዳበሰውን ነገር ፊቴ ላይ አላስጠጋም። ቁሚ እዚህ። ቆብ ሊወረውሩ ነው።»

ነጋዴውም ሰልፉን አይቶ መጣ፤ ከእናቴ ጎን፣ ክንዱ ክንዷን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ። ምሩቃኑ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ወረወሩ። ሰማዩ ጥቁር ቆብ በጥቁር ቆብ ሆነ። የእናቴ ካሜራ ጠቅ አለ። ከጎኗ ዝም። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ከእሱ ጋር ነው ያደግኩት።

«ይቅርታ፣ አንዴ ድገሙት!» አለ ነጋዴው ቁልፉን እየደጋገመ እየተጫነ።

«ቆቡ እኮ ጭቃ ውስጥ ነው!» ብሎ ጮኸበት አንዱ፤ ሁሉም ጎንበስ ብለው የየራሳቸውን ይፈልጋሉ፣ አንዷ የሌላውን አንስታ ጭቃውን በጋውኗ ትጠርጋለች፣ ይሳሳቃሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን ካሜራችን አሳዘነኝ። በዚያ እጅ ውስጥ ሆኖ፣ በቀይ ማንገቻ።

የአንዱ ምሩቅ አባት የተነሳውን ለማየት ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ ስክሪኑን አየና ተደነቀ። ካሜራውን ዙሪያውን አገላብጦ ጽሑፍ ፈለገ፤ አላገኘም።

«እትዬ፣ እንዴት ያምራል! የምን ካሜራ ነው?»

«የባጃጅ» አለች እናቴ።

ሰውዬው ሳቀ፤ ከዚያ የልጁን ጓደኞች ሁሉ ጠርቶ ወደ እኛ አሰለፋቸው። እስኪመሽ ስም ስቀበል እጄ ዛለ።

በማግስቱ ጠዋት የፀጉር ቤቱ ሰውዬ ገባ። ጢሙን አሳምሯል፤ ሜትር ግን ይዟል።

«እትዬ፣ እንግዲህ ስለ ክፍሉ ነገር...»

«ተቀመጥ» አለችው እናቴ ወንበሩን እያሳየች። «ጉርድ ላንሳህ።»

ግራ ገባው፤ ሜትሩን ኪሱ ከቶ ተቀመጠ። እናቴ አገጩን ልታስተካክል ጠጋ አለች። አየሩን ማግ አደረገና አፍንጫውን ሰበሰበ።

«ኤጭ! ዛሬ ደግሞ ምንድነው፣ ጎሚስታ ቤት ነው እንዴ የገባሁት?»

«አትንቀሳቀስ» አለችው። ጠቅ አለ።